ቱቦው ላይ የተጻፈው ዓመት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እኔ እዚህ ፊት የምቆመው ሁልጊዜ ስለ ቁጠባና ስለ ብድር አመላለስ ለመናገር ነው። ዛሬም ደብተሬን ይዤ ስነሳ፣ ከኋላ ያላችሁት "ዛሬ ደግሞ ማነች ወር ያሳለፈችው?" ተባብላችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ። አይዟችሁ፣ ዛሬ የሚነበበው የእኔ ዕዳ ነው።

የተጠየቅሁት ስለ ጋዝ ምድጃ አጠቃቀምና አያያዝ እንድናገር ነው። የጋዝ ባለሙያ አይደለሁም፤ ኮሌጅ የተማርኩት ሂሳብ ነው፣ እንጀራዬም እሱ ነው። ኮሚቴው እኔን የመረጠው፣ ባለፈው ዓመት በእህታችን ቤት በደረሰው ቃጠሎ ውስጥ የእኔም እጅ ስላለበትና ይህንን ራሴው ልናገር ብዬ ስለለመንኩ ነው። እህታችን እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች። ስሟን እንዳልጠራ ነግራኛለች፤ ሌላውን ግን ምንም ሳላስቀር እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፣ ስቶቭ ከሚጠግኑ ሰዎች አጠገብ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ የገዛ ቤቴንም ምድጃ ፈትቼ መልሼ ገጥሜአለሁ።

በ2013 ዓ.ም. አትክልት ተራው ከጃንሜዳ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ሲመጣ ሰፈራችን እንዴት እንደተለወጠ ታስታውሳላችሁ። ሌሊቱን የሚያራግፍ አይሱዙ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ደላላ፣ ገና ሳይነጋ ጋሪ የሚገፋ ልጅ፤ ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ ትኩስ ነገር ይፈልጋል። ከመካከላችን ብዙዎቻችሁ ሻይ በፓስቲ፣ ፍርፍር፣ ሽሮ መሸጥ የጀመራችሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ በከሰል ነበር። ከሰሉ ሲወደድ፣ ጭሱም ዓይን ሲያቃጥልና ደረት ሲይዝ፣ ማኅበራችን ስቶቭና ሲሊንደር መግዣ ብድር መስጠት ጀመረ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ዛሬ የምናገረውን ሰምታችሁ ወደ ከሰል እንድትመለሱ አልፈልግም፤ ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን በየክረምቱ እንሰማለን።

የብድር ጥያቄዎችን የምመረምረው እኔ ነኝ። እህታችን በመስከረም 2016 ዓ.ም. ስትጠይቅ፣ ያገለገለ ባለ ሁለት ምድጃ ስቶቭ ከነቱቦውና ከነሬጉሌተሩ በደህና ዋጋ አግኝታ ነበር። ማመልከቻዋ ላይ ከስቶቩና ከሲሊንደሩ ሥር "አዲስ ቱቦ" የሚል አንድ መስመር ጽፋለች። ቤቷ ሄጄ ዕቃውን አየሁት። ብርቱካናማ ቱቦ ነው፤ ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ "ከ2022 በፊት ይለወጥ" የሚል ታትሞበታል። እኔ ደግሞ ቁጥር ሳይ መቀነስ ልማዴ ነው። ከ2022 ላይ 2016 ቀነስኩ፤ ስድስት። "እህቴ፣ ይሄ እኮ ገና ስድስት ዓመት ያገለግላል፣ ምን ያስለውጥሻል?" አልኳትና በቀይ እስክሪብቶ መስመሩን ሰረዝኩት። ብድሩ አነሰ፣ ወለዱም አነሰላት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ቱቦው ላይ የነበረው 2022 የኛ ዓመት አልነበረም። ቱቦው ከውጭ የመጣ ነው፤ ፋብሪካው የጻፈውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በኛ ሲመለስ ቀኑ ያለቀው ታኅሣሥ 2014 ላይ ነው። እኔ "ስድስት ዓመት ይቀረዋል" ባልኩበት ቀን ቱቦው መለወጥ ከነበረበት አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር አልፎት ነበር። ይህንን የሠራሁት እኔ ለደጋፊዎቻችን ሪፖርት ስጽፍ በየወሩ ከኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ እኛ የምመልሰው ሰው ነኝ። ቢሮ ውስጥ የማልስተውን ወጥ ቤት ውስጥ ሳትኩት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። እህታችን ለሻይ ውሃ ልትጥድ ተነስታለች። ልጇ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሽታ ሸትቷት ነበር፤ እሷ ግን የበሰበሰ ጥቅል ጎመን መሰላት። በእኛ ሰፈር የጎመን ሽታ የማይሸትበት ቀን የለምና ማን ይፈርድባታል? ቱቦው ከስቶቩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ከማሰሪያው ሥር፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነበረው። የዚያን ዕለት ሌሊት መብራት ጠፍቷል። ሻማ አብርታ ዱቄት ለመስፈር ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ሻማው ወለሉን በነካበት ቅጽበት እሳቱ ልክ እንደ ፈሰሰ ውሃ በመሬት ሮጠ ነው የምትለው። እግሯንና ቀኝ ክንዷን ያዛት። የግድግዳው ላስቲክ ነደደ። በዚያ ሲያልፍ የነበረ አንድ ጫኝ ልጅ ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክሮ እጁ ላይ ጠቅልሎ የሲሊንደሩን መዝጊያ ባይዘጋው፣ ጎን ያሉት ቤቶችም ይሄዱ ነበር። ልጇ ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ ነው እናቷን ሜዳ ላይ ያገኘቻት።

እህታችን የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ክፍሉ ታክማ ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚያ ስጠይቃት እጇን በፋሻ እንደተጠቀለለ እያሳየችኝ "ያቺ የሰረዝሻት መስመር ስንት ብር ነበረች?" አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲሁ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ነገርኳት። የአንድ ሳምንት የሽንኩርት መግዣዋን እንኳ አታክልም ነበር።

ወደ ምድጃው ልግባ። እኛ በአማርኛ "ጋዝ" ስንል ሦስት ነገር ቀላቅለን ነው። እናቶቻችን ጋዝ ያሉት ነጭ ጋዙን፣ ላምባውን ነው። በሶማሌ ክልል በካሉብ ያለው የተፈጥሮ ጋዝ ሌላ ነው፤ እሱ ከአየር ስለሚቀል ቢያመልጥ ወደ ላይ ይሄዳል። የእኛ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉት ናቸው። ታምቀው ፈሳሽ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሲለቀቁ ወደ ጋዝነት ይለወጣሉ። እነዚህ ከአየር አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይከብዳሉ። ስለዚህ ሲያመልጡ ወለል ላይ ይተኛሉ፣ በበር ደፍ ሥር ይጠራቀማሉ፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳሉ። ቁመን ስናሸት ላይሸተን ይችላል፤ ሻማውና የቡና ከሰሉ ያለው ግን ታች ነው። እህታችን "እንደ ውሃ ሮጠ" ያለችው በትክክል ያየችውን ነው።

ምን ያህል ቢያመልጥ ነው አደጋ የሚሆነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ለእኔ ነገር የሚገባኝ በቁጥር ነውና። በአየር ውስጥ የዚህ ጋዝ መጠን ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ሲደርስ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች፣ ከፍታዋ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ወጥ ቤት ውሰዱ። 10 ሜትር ኩብ ናት። የዚህ ሁለት በመቶ 200 ሊትር ጋዝ ነው፤ በክብደት ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ወለሉ ላይ ስለሚተኛ ደግሞ ቤቱ ሁሉ እስኪሞላ አይጠበቅም። አንድ ሲሊንደር ውስጥ ስንት ግማሽ ኪሎ እንዳለ እናንተው አስሉት።

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የሚሸተን፣ ማምለጡን እንድናውቅ ተብሎ የተጨመረበት የድኝ ዘር ያለበት ቅመም ነው። የበሰበሰ ጎመንና የተበላሸ እንቁላልም የሚሸቱት ከዚያው ከድኝ ዘር ነው። ስለዚህ በሌላ ሰፈር አፍንጫ ይበቃ ይሆናል፤ በአትክልት ተራ ጎን ለምንኖር ለእኛ አይበቃም። የሚበቃን ሳሙና ነው።

በአንድ ሲኒ ውሃ ላይ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርጉና አረፋ እስኪሆን አማስሉት። የስቶቩን ማዞሪያዎች ሁሉ ዝጉ፤ ሲሊንደሩን ክፈቱ። ከዚያ በስፖንጅ ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበትን፣ የቱቦውን ሁለቱንም ጫፍ፣ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች፣ የማዞሪያዎቹን ሥር ቀቡ። ትንሽ ጠብቁ። አረፋው እየነፋ ከመጣ እዚያ ያመልጣል ማለት ነው። ሲሊንደሩን ዘግታችሁ ሳታስጠግኑ ወይም ሳትለውጡ አትለኩሱ። ክብሪት ጭሮ በየመገጣጠሚያው የሚፈትሽ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጁ ላይ ያለው ጠጉር ለምን እንደማይበቅል ሲገርመው ነበር። እባካችሁ።

ይህን በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ደግሞም ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር አድርጉት። ለማስታወስ እንዲመቻችሁ ወርኃዊ ቁጠባችሁን በምታስገቡበት ቀን ይሁን። እኔ እንደሆንኩ ያንን ቀን ማንም እንድትረሳው አላደርግም።

ስለ ቱቦው ጥቂት ልጨምር። ለጋዝ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። የውሃ ጎማ ከርካሽነቱ በቀር ምንም የለውም፤ ጋዙ ውስጡን ይበላዋል። ርዝመቱ ከ1 ሜትር ተኩል ባይበልጥ፣ መካከሉ ላይ ባይቀጠል፣ በኦቭኑ ጀርባ ሙቀት በሚነካው በኩል ባያልፍ። ሁለቱም ጫፎቹ በብረት ማሰሪያ ይጥበቁ፤ በሽቦና በላስቲክ የታሰረ ስንት አይቻለሁ። ጠፍ አድርጋችሁ ስታጥፉት የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ የተጻፈው ዓመት ባይደርስም ዕድሜው አልቋል። የእኛ ገበያ አይጥ ደግሞ ሽንኩርት ሲሰለቸው ቱቦ ይቀምሳል፤ ወለል ላይ አታጋድሙት።

ዓመቱን ስታነቡ ከተጻፈው ላይ 8 ቀንሱ። ትክክለኛው ሂሳብ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ 7 ነው፤ ነገር ግን በእሳት ጉዳይ ጥቂት ወር ቀድሞ መለወጥ አይጎዳም፣ ሁልጊዜ 8 ቀንሱ። ሲሊንደሩ አንገት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸበት ዘመን ተቀርጿል፤ እሱም በእነሱ አቆጣጠር ነው። የልጆቻችሁ የዱቄት ወተትና የመድኃኒት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ይህ እግረ መንገዴን ነው።

ሬጉሌተር የሚባለው ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ከባድ ግፊት ለስቶቩ በሚመጥን መጠን የሚያሳንሰው ነው። የሲሊንደሮች አፍ እንደየኩባንያው ስለሚለያይ ሬጉሌተሩም ለሲሊንደራችሁ የሚሆነው ብቻ ነው የሚገባው፤ በግድ የሚገባ ነገር በግድ ነው የሚወጣውም። ምግብ ቤቶች ለትልቅ ድስት የሚጠቀሙበት ግፊቱን እንደ ልብ የሚጨምሩት ዓይነት አለ፤ "እሳቱ ይፈጥናል" ብላችሁ ለቤት ስቶቭ አትግጠሙት።

ሲሊንደር መቀየር የወንድ ሥራ ነው ብሎ የሚጠብቅ ቤት ብዙ ነው። ባል ከሌለ ጎረቤት፣ ጎረቤት ከሌለ ሲሊንደሩን በባጃጅ ያመጣው ልጅ። ልጁ ቸኩሏል፤ ሌላ ቤት ይጠብቀዋል፤ ጎሚኒዋ መኖሯን እንኳ አያይም። እናንተው ቀይሩት። በቀን ብርሃን ይሁን። በአካባቢው የሚነድ ነገር አይኑር፤ ሻማ፣ ከሰል፣ እጣን። ቡና እየተፈላ ሲሊንደር ሲቀየር ያየሁበትን ቤት አሁን አልጠራም፤ ባለቤቷ ራሷን ታውቃለች። አሮጌውን በደንብ ዝጉ፣ ፍቱ፣ በአዲሱ አፍ ላይ ያለችውን ጎሚኒ ተመልከቱ፤ የተቆረጠች ወይም የጠፋች ከሆነች ሲሊንደሩን መልሱት። አንዳንዱ ማሰሪያ እንደ ውሃ ቧንቧ ሳይሆን ተገልብጦ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፤ ይህን ያላወቀ ሰው በፒንሳ እየታገለ ክሩን ይፈጀዋል። ከዚያ ሳሙናው።

ሲሊንደር ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ሊያልቅ ሲል የሚያጋድሙ፣ የሚያንከባልሉ፣ የሞቀ ውሃ ውስጥ የሚዘፈዝፉ አሉ። ሲጋደም ጋዙ ሳይሆን ፈሳሹ ነው ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደው፤ ስቶቩ ላይ ሲደርስ እሳቱ ጣሪያ ይነካል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እሳቱ የሚደክምባችሁ ሁልጊዜ አልቆ አይደለም። ቡቴን የሚባለው ብርድ ሲሆን በቀላሉ ከፈሳሽነት አይነሳም፤ ፀሐይ ስትወጣ ይመለሳል። ጎህ ሲቀድ የደከመ እሳት ስታዩ ሲሊንደሩን ከሰል አጠገብ እንዳታስጠጉት። ቦታው ከተገኘ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚገባበት ይሁን።

አሁን ደግሞ ለእኔ የሚጣፍጠኝ ክፍል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ባዶውን ሲሆን የሚመዝነው ተጽፏል። እንበል 14 ኪሎ ከ300 ግራም። ሙሉውን ስትረከቡ የሽንኩርት ነጋዴውን ሚዛን ለምኑና አስቀምጡበት። 26 ኪሎ ከ800 ከሆነ ውስጡ 12 ኪሎ ተኩል ጋዝ አለ። የሽንኩርት ግማሽ ኪሎ ሲጎድልብን ሰፈሩን የምናናውጥ ሰዎች ጋዝ ሳንመዝን መግዛታችን ይገርመኛል። መካከለኛ እሳት በሰዓት 150 ግራም ያህል ይጠቀማል፤ ስለዚህ ያ ሲሊንደር አንዱን ምድጃ 80 ሰዓት ገደማ ያነዳል። ሁለቱን ምድጃ በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት የምታነድ ሴት 20 ቀን ሊያደርስላት ይገባል። የገዛችሁበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። ያለ ምክንያት በ12 ቀን ካለቀ ወይ ሲመጣ ጎድሎ ነበር፣ ወይ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ሽታውን ጎመን ሊሸፍነው ይችላል፤ ደብተሩን አይሸፍነውም።

እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ካለበሰ በቂ አየር እያገኘ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ገንፍሎ የፈሰሰ ሽሮ ነው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ክዳኑን አንሱ፣ በሳሙና እጠቡ፣ ቀዳዳዎቹን በእንጨት ስንጥር ክፈቱ፣ በደንብ አድርቁና በቦታው አስተካክላችሁ መልሱ። ከሥር ያለችውን፣ ጋዙ የሚወጣባትን የነሐስ ቀዳዳ ግን በመርፌ አትንኩ፤ ከሰፋች አትጠብም። ስቶቩ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከቆየ በረሮ ውስጡ ጎጆ ይሠራል፤ ይህም እሳቱን ቢጫ ያደርገዋል።

ከአረብ አገር እህት የላከችላቸው አባላት ለዚህ ተጠንቀቁ። ባለ አራት ምድጃ፣ ከነኦቭኑ፣ የሚያምር ስቶቭ ይመጣል። ነገር ግን በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእሱ ቀዳዳ ለእኛ ጋዝ ሰፊ ነው፤ እሳቱ ትልቅ፣ ቢጫና ጥላሸታም ይሆናል። ቀዳዳዎቹን በባለሙያ ሳታስቀይሩ አትጠቀሙበት። ቢጫ እሳት ሽታ የሌለውን መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ዘግተው ሲተኙ ከሰል የሚያመጣውን ያንኑ ነው። በክረምት ቤት ለማሞቅ ስቶቭ ለኩሶ መተውም ከዚሁ አይለይም። መስኮት ይከፈት። ኦቭን ስትለኩሱ መጀመሪያ በሩን ክፈቱ፤ እሳቱ ከጠፋ ዝጉት፣ በሩን እንደከፈታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ ነው ደግማችሁ የምትለኩሱት።

ጋዝ ሲሸት መብራት አታብሩ፤ የበራውንም አታጥፉ፤ ብልጭታው በሁለቱም አለ። ስልክ ውስጥ ሆናችሁ አትደውሉ። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። እሳት ከተነሳ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ቁጥር 939 ነው፤ ከደጅ ሆናችሁ ደውሉ። ዘይት ድስት ውስጥ ከነደደ ውሃ አትድፉበት፤ እሳቱን አጥፍታችሁ ክዳን ግጠሙበት። የቃጠለውን የሰውነት ክፍል በንጹሕ የሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙ። በእህታችን ክንድ ላይ ጎረቤቶቿ ለደግ ብለው የጥርስ ሳሙናና እንቁላል ቀብተውባት ነበር። ሆስፒታል ያንን ፍቆ ማንሳት ከቃጠሎው እኩል እንዳሳመማት ልንገራችሁ ብላኛለች።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር አለኝ። ስቶቭ ስታድሉን ፎቶ ይነሳል፤ ሁላችንም ተደርድረን እንስቃለን፤ ፎቶውም ያምራል። ቱቦ ይዞ ፎቶ የተነሳ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። በሂሳብ አሠራር ማንኛውም ዕቃ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ ይያዝለታል፤ የቢሮአችን ጠረጴዛ ሳይቀር ተይዞለታል። የእህቶቻችን ቱቦ አልተያዘለትም፤ ይህን ያላደረግሁት እኔ ነኝ። ከዚህ ወር ጀምሮ በስቶቭ ብድር ቅጽ ላይ ቱቦ፣ ሬጉሌተርና ማሰሪያ አንድ ላይ ተጽፈዋል፤ መስመሩን መሰረዝ የሚችለው ሰው ደግሞ የለም፤ እኔንም ጨምሮ። ቀድሞ ብድር ለወሰዱት የምንለውጥበት ገንዘብ ከማኅበሩ የመጠባበቂያ ሂሳብ ግማሹ ወጥቷል። ግማሹን ከእናንተ ነው የምንጠይቀው፤ ዝርዝሩ በር ላይ ያለው ወረቀት ላይ አለ።

ሁላችሁም ቱቦአችሁ ላይ ያለውን ዓመት በወረቀት ጽፋችሁ እንድትመጡ ነግረናችሁ ነበር። አውጡት። 8 ቀንሱ። ዛሬ 2017 ነው። 2017 ወይም ከዚያ ያነሰ የወጣባችሁ ወደዚህ ወደ ግራ ኑ፤ ዓመቱ የጠፋባችሁና ምንም ያልተጻፈበት ቱቦ ያላችሁም ከእነሱ ጋር ቁሙ። ሌሎቻችሁ ወንበሩን ወደዚህ አስጠጉ፤ ስቶቩን እዚህ ጠረጴዛው ላይ እንገጥመዋለን። ሳሙናውን የምትቀባው እህታችን ናት፤ ከእኔ ይልቅ የእሷ እጅ ለምዷል።